ምዕራፍ ሰባት፦ ሃያ ሰባቱ

ጁን 10 ቀን 1964 ረፋዱ ላይ በአሜሪካ ሴኔት አዳራሽ የስም ጥሪ ተጀመረ። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መቶዎቹም ሴናተሮች ተገኝተዋል። የካሊፎርኒያው ክሌር ኤንግል በአንጎል ዕጢ ታመው መናገር ተስኗቸው ስለነበር በተሽከርካሪ ወንበር ተገፍተው ገቡ። ስማቸው ሲጠራ አፋቸው አልታዘዝ አላቸው፤ እጃቸውን በጭንቅ አንስተው ወደ ዓይናቸው ጠቆሙ። በእንግሊዝኛ «ዓይን» የሚለው ቃልና በምክር ቤቱ «እደግፋለሁ» የሚባልበት ቃል ሲነገሩ አንድ ናቸው። ድጋፋቸው ተመዘገበ። ጥሪው በፊደል ተራ ቀጥሎ ከዝርዝሩ መጨረሻ አካባቢ የደላዌሩ ሪፐብሊካን ጆን ዊሊያምስ ዘንድ ሲደርስ፣ ዊሊያምስ ድጋፋቸውን ሰጡ። 67ኛው ድምፅ የእርሳቸው ነበር።

በሲቪል መብቶች ረቂቅ ሕግ ላይ የተከፈተውን ክርክር ለመዝጋት የሚያስፈልገው ያ 67 ድምፅ ነው። መጨረሻ ላይ የተገኘው 71 ሆነ። ከዚያ ቀን በፊት ሴኔቱ በሲቪል መብቶች ሕግ ላይ የተከፈተ የማጓተት ንግግር በድምፅ አስቁሞ አያውቅም። የደቡብ ግዛቶች ሴናተሮች ረቂቁ ድምፅ እንዳይሰጥበት፣ ፊሊበስተር በሚባለው ዘዴ ተራ እየገቡ ሲናገሩ ከሁለት ወር በላይ ሆኗቸው ነበር፤ የዌስት ቨርጂኒያው ሮበርት በርድ ብቻቸውን ከ14 ሰዓት በላይ ተናግረው የተቀመጡት በዚያው ዕለት ጠዋት ነው። አጓታቾቹ በአብዛኛው ዴሞክራቶች ነበሩ። በሆቴል፣ በምግብ ቤት፣ በሥራ ቅጥር በጥቁሮች ላይ የሚፈጸመውን መድልዎ የሚከለክለውን ረቂቅ ያቀረበው የዴሞክራት መንግሥት ሆኖ ሳለ፣ ትልቁ ጋሬጣ የተተከለው በዴሞክራቶች ቤት ውስጥ ነበር። በዚያ ጥሪ 44 ዴሞክራቶች ሲደግፉ 23 ተቃወሙ። ጎደሎውን የሞሉት ሪፐብሊካኖች ናቸው። ከ33ቱ 27ቱ ደገፉ።

ይህ ምዕራፍ ስለ እነዚያ ሃያ ሰባቱና ስለ መሰሎቻቸው ነው።

አማርኛ ለእንዲህ ያለ ፖለቲከኛ ሁለት ስም አለው። ጨዋው «ለዘብተኛ» ነው። ሌላው፣ በአብዮቱ ዘመን በየስብሰባው ሲወረወር የኖረው፣ «መሃል ሰፋሪ» ነው። መሃል ሰፋሪ ሲባል የራሱ አቋም የሌለው፣ ኃይል ወዳለበት የሚያዘነብል፣ ሁለቱም ወገኖች የማያምኑት ሰው ይታሰባል። ያን ጊዜ ይህ ስም ከስድብ አልፎ ሰውን ለአደጋ የሚያጋልጥ ስለነበር ቃሉ እስከ ዛሬ መራራነቱን ይዞ ቀርቷል። እነ ዊሊያምስን በዚህ ስም መጥራት ግን ስህተት ይሆናል። ግብር ይቀነስ፣ የመንግሥት በጀት ይጠበቅ፣ የግዛቶች ሥልጣን ይከበር የሚሉ፣ ከጎራቸው ንቅንቅ ያላሉ ወግ አጥባቂዎች ናቸው። ለዘብተኛ ያሰኛቸው አንድ ችሎታ ነው፤ ከተቃራኒው ወገን ጋር ተቀምጠው ይዋዋላሉ፣ ውሉንም ይዘው ወደ ቤታቸው ተመልሰው የገዛ ወገናቸውን ያስፈርማሉ። ሁለተኛው ሥራ ከመጀመሪያው ይከብዳል። የውጭ ሰው ሊሠራው የማይችለውም ይኸኛውን ነው።

የ1964ቱ ውል የተጀመረው ከዋሽንግተን ርቆ፣ ፒኳ በምትባል ትንሽ የኦሃዮ ከተማ ነበር። የከተማዋ ጠበቃ ዊሊያም ማኩሎክ በተወካዮች ምክር ቤት የሕግ ጉዳዮች ኮሚቴ ውስጥ የሪፐብሊካኖቹ አንጋፋ ናቸው። ለቢሮ ማስኬጃ ከሚመደብላቸው ገንዘብ የተረፈውን ለግምጃ ቤት የሚመልሱ ቆጣቢ ሰው ነበሩ። በምርጫ ክልላቸው የሚኖሩት ጥቁሮች እጅግ ጥቂት ስለነበሩ ለሲቪል መብት መድከማቸው የሚያስገኝላቸው ድምፅ አልነበረም። በጁላይ 1963 የፕሬዚዳንት ኬኔዲ መንግሥት የፍትሕ ሚኒስቴሩን የሲቪል መብቶች ኃላፊ በርክ ማርሻልን ወደ ፒኳ ላከ። ማኩሎክ ሁለት ነገር ጠየቁ። ረቂቁ ሴኔት ሲደርስ መንግሥት ለደቡቦቹ ማባበያ ብሎ እንዳይሸራርፈው፤ ሕጉ ሲወጣም ምስጋናው ለሪፐብሊካኖች እኩል እንዲደርሳቸው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ከቁስል የመጣ ነበር። በ1957 ማኩሎክና ባልደረቦቻቸው በተወካዮች ምክር ቤት ያሳለፉት የሲቪል መብት ረቂቅ ሴኔት ገብቶ የወጣው ጥርሱ ወልቆ ነው። ዳግመኛ ወገናቸውን ለከንቱ ድካም ማሰለፍ አልፈለጉም። የሁለተኛው ጥያቄ ብልህነት ደግሞ ከጊዜ በኋላ ይበልጥ የታየ ነው። ምስጋና የተጋራ ሰው ነገ ሕጉን ለማፍረስ እጁን አያነሳም። ኬኔዲ በኖቬምበር ተገደሉ፤ ሊንደን ጆንሰን የፕሬዚዳንትነቱን ወንበር ሲይዙ ያንን ቃል አከበሩት። በፌብሩዋሪ 10 ቀን 1964 ረቂቁ በተወካዮች ምክር ቤት 290 ለ130 አለፈ፤ 138 ሪፐብሊካኖች ደግፈው የተቃወሙት 34 ናቸው። ማኩሎክ ከምክር ቤቱ ለመሰናበት ሲዘጋጁ የኬኔዲ ባለቤት የነበሩት ዣክሊን የምስጋና ደብዳቤ ጽፈውላቸዋል።

ሴኔቱ ግን ሌላ አገር ነው። እዚያ የሪፐብሊካኖቹ መሪ ኤቨረት ደርክሰን ነበሩ። ከጀርመን ስደተኞች በኢሊኖይ ግዛት ፔኪን ከተማ የተወለዱ፣ ጸጉራቸው ማበጠሪያ የማያውቅ የሚመስል፣ ድምፃቸው ጎርናናና ለዛ ያለው ሰው ናቸው። በዚያ ድምፃቸው ያነበቡት ንግግር በሸክላ ታትሞ ግራሚ ሽልማት አግኝቷል። ማሪጎልድ የተባለው ቢጫ አበባ የአገሪቱ ብሔራዊ አበባ እንዲሆንላቸው ሴኔቱን ደጋግመው ተማጽነዋል። ይህ ሁሉ ቀልደኛ አዛውንት ያስመስላቸው ይሆናል፤ የእያንዳንዱን ሴናተር ፍርሃትና ፍላጎት ግን ከእርሳቸው የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም።

ደርክሰን ረቂቁን መጀመሪያ አልወደዱትም። ሁለት ክፍሎቹ ከነከኗቸው፤ ሆቴሎችንና ምግብ ቤቶችን የሚመለከተው፣ እንዲሁም የሥራ ቅጥርን የሚመለከተው። አንድ ነጋዴ በገዛ ደጃፉ ማንን ማስተናገድ እንዳለበት መንግሥት ማዘዝ ይችላል? ኢሊኖይ የራሷ የቅጥር ሕግ እያላት የፌዴራል መርማሪ በላይዋ ተደርቦ ሊመጣባት ነው? እነዚህ ጥያቄዎች የዘረኝነት መሸፈኛ ናቸው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር፤ በአንዳንዶች አፍ በእርግጥም መሸፈኛ ነበሩ። በመካከለኛው ምዕራብ ሴናተሮች ዘንድ ግን እውነተኛ ስጋት ነበሩ። የረቂቁ መሪ ዴሞክራቱ ሂዩበርት ሃምፍሬይ ይህን ስለተረዱ፣ ጆንሰንም ክብሩ ለደርክሰን ይሁን ብለው ስለመከሯቸው፣ በሜይ ወር ድርድሩ የተካሄደው በደርክሰን ቢሮ ነው። የፍትሕ ሚኒስትሩ ሮበርት ኬኔዲ ሳይቀሩ እዚያ ሄደው ተቀመጡ።

ከዚያ ክፍል የወጣው ማሻሻያ የሕጉን አጥንት አልነካም። መድልዎ ክልክል መሆኑ ጸና። የተለወጠው መንገዱ ነው፤ የራሱ ሕግ ባለው ግዛት አቤቱታው መጀመሪያ ለግዛቱ አካል ይቀርባል፣ ለዚያም ጊዜ ይሰጠዋል፤ የፍትሕ ሚኒስትሩ በቅጥር ጉዳይ ክስ የሚመሠርቱት መድልዎው የአንድ ሰው በደል ከመሆን አልፎ የዘወትር አሠራር ሆኖ ሲገኝ ነው። ሜይ 26 ቀን ደርክሰን የተሻሻለውን ረቂቅ ከዴሞክራቶቹ መሪ ከማይክ ማንስፊልድ ጋር ሆነው አቀረቡ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ወገንን ማስፈረም ነበር። እንደ ኒው ዮርኩ ጄከብ ጃቪትስና እንደ ካሊፎርኒያው ቶማስ ኩኬል ያሉ የለዘብተኛው ክንፍ ሰዎች ድሮውንም ከሕጉ ጎን ናቸው። ችግሩ ሌሎቹ ጋ ነው።

ከነዚያ ከሌሎቹ የአይዋው ቡርክ ሂክንሉፐር ታሪክ ይበልጥ ያስተምራል። ሰውየው አንጋፋ፣ ጥብቅ ወግ አጥባቂና ለደርክሰን መሪነት እምብዛም የማይገዙ ነበሩ። ሂክንሉፐር ጁን 10 ቀን ክርክሩ እንዲዘጋ ድምፅ ሰጡ። ጁን 19 ቀን ሕጉ ራሱ 73 ለ27 ሲጸድቅ ደግሞ ከተቃወሙት ስድስት ሪፐብሊካኖች አንዱ ሆኑ። ሕጉን አላመኑበትም፤ ቢሆንም አብዛኛው እንዳይወስን መንገድ ዘግተው መቆምን እምቢ አሉ። ሰውን ሐሳቡን ሳያስለውጡ እስከዚህ ማድረስ የደርክሰን ጥበብ ነው። ጸሐፊዎች ስለዚያ ሰሞን ሲተርኩ የሚያደምቁት የደርክሰንን ንግግር ነው፤ የሂክንሉፐር ሁለት ድምፆች ግን ከንግግሩ የሚበልጥ ክብደት አላቸው።

ለውሉ የተከፈለ ዋጋም አለ። በሕጉ የተቋቋመው የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን አቤቱታ ከመስማትና ከማሸማገል አልፎ አሠሪን በራሱ ስም የመክሰስ ሥልጣን ያገኘው በ1972 ነው። እነዚያ ስምንት ዓመታት ለተበደለ ሠራተኛ ረጅም ናቸው። የለዘብተኞችን ሚና የሚያወድስ ሰው ይህን ሒሳብ ሊሸሽገው አይገባም።

በሌላ በኩል ያለው ሒሳብ ግን ይከብዳል። የፊሊበስተሩ መሪ የነበሩት የጆርጂያው ሪቻርድ ራስል ሕጉ ከወጣ በኋላ ለደቡብ ሰዎች የተናገሩት፣ ሕግ ሆኗልና አክብሩት የሚል ነበር። ራስል ሐሳባቸውን አልለወጡም፤ የተሸነፉት ግን በአንድ ፓርቲ ተንኮል አለመሆኑን አይተዋል። ሁለቱ ፓርቲዎች ተማምለው ያወጡትን ሕግ በቀጣዩ ምርጫ እንሽረዋለን ብሎ መፎከር አያዋጣም። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የአትላንታ ሞቴል ባለቤት ያቀረቡትን ክስ ውድቅ አድርጎ ሕጉን ያለ አንዳች የልዩነት ድምፅ አጸናው።

ሪፐብሊካን ፓርቲ ራሱ ግን የሃያ ሰባቱን መንገድ ለመከተል አልፈቀደም። ሕጉ በተፈረመ በሁለተኛው ሳምንት ገደማ በሳን ፍራንሲስኮ ካው ፓላስ የተሰበሰበው ጉባኤ ለፕሬዚዳንትነት የመረጠው የአሪዞናውን ባሪ ጎልድዋተርን ነው። ጎልድዋተር በ1957ና በ1960 የወጡትን የሲቪል መብት ሕጎች ደግፈዋል፤ የ1964ቱን ግን ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብለው ተቃውመውታል። የለዘብተኞቹ መሪ ኔልሰን ሮክፌለር አክራሪነትን ለማውገዝ መድረክ ላይ ሲወጡ አዳራሹ በጩኸትና በፉጨት ረጅም ጊዜ አላናግር አላቸው። ጎልድዋተርን ለእጩነት ያቀረቡት ደግሞ ደርክሰን ራሳቸው ነበሩ። ይህን ማስታረቅ የሚቸገሩ አሉ። ነገሩ ግን ከሰውየው ተፈጥሮ ጋር አይጋጭም። ደርክሰን ከወገናቸው የተለዩበት ቀን አልነበረም፤ ሃያ ሰባቱን ማሰለፍ የቻሉትም የቤት ሰው ስለነበሩ ነው።

የዚያ ምርጫ ውጤት ለፓርቲው መራራ ሆነ። ጎልድዋተር ያሸነፉት ስድስት ግዛቶችን ብቻ ነው፤ አሪዞናንና አምስት የደቡብ ግዛቶችን። በተወካዮች ምክር ቤት ካሉት 435 መቀመጫዎች የሪፐብሊካኖቹ ድርሻ ወደ 140 ወረደ። ጉዳቱ ግን ከአንድ ምርጫ ያለፈ ነበር። በጋሉፕ ግምት መሠረት በ1956 ነጭ ካልሆኑት መራጮች 39 ከመቶው ለሪፐብሊካኑ አይዘንሃወር፣ በ1960 ደግሞ 32 ከመቶው ለኒክሰን ድምፅ ሰጥተዋል። በ1964 ለጎልድዋተር የሰጡት 6 ከመቶ ብቻ ናቸው። የሊንከን ፓርቲ፣ በሁለቱም ምክር ቤቶች ከዴሞክራቶቹ በሚበልጥ ድርሻ ሕጉን ያሳለፈ ፓርቲ፣ ውለታውን በገዛ እጁ በተነው።

ለዘብተኛ ውል ከማሰር ሌላ አንድ ሥራ አለው። እርሱም ወገንን መገሠጽ ነው። የዚህ ምሳሌ ከደርክሰን በ14 ዓመት ይቀድማል። በፌብሩዋሪ 1950 የዊስኮንሲኑ ጆሴፍ ማካርቲ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ውስጥ ኮሚኒስቶች ተሰግስገዋል የሚል ዘመቻ ጀመሩ። ማስረጃ ሲጠየቁ ሌላ ክስ ይጨምራሉ። ዴሞክራቶች ሲቃወሟቸው፣ «እነዚህማ ድሮም የኮሚኒስት ወዳጆች ናቸው» ይባላል፤ ቃላቸው ከመሬት አያልፍም። ጁን 1 ቀን በወቅቱ ብቸኛዋ ሴት ሴናተር፣ የሜይኗ ሪፐብሊካን ማርጋሬት ቼዝ ስሚዝ ተነሱ። አስራ አምስት ደቂቃ ያህል በፈጀው ንግግራቸው የማካርቲን ስም አንድም ጊዜ ሳይጠሩ፣ ፓርቲያቸው በፍርሃትና በስም ማጥፋት ተንጠላጥሎ ለድል ቢበቃ ለአገሪቱ ጥፋት እንደሚሆን ተናገሩ። ሌሎች ስድስት ሪፐብሊካኖች የአቋም መግለጫውን አብረዋቸው ፈርመዋል። ማካርቲ በስላቅ «በረዶዋ ልዕልትና ስድስቱ ድንክዬዎች» ብለው ጠሯቸው፤ ስሚዝንም ከምርመራ ንዑስ ኮሚቴው አስወጥተው ቦታቸውን ለኒክሰን ሰጡ።

ንግግሩ ማካርቲን ወዲያው አላስቆመም። ከአራት ዓመት በላይ ወስዷል። በመጨረሻ የወቀሳውን ውሳኔ ያቀረቡትም ሪፐብሊካን፣ የቬርሞንቱ ራልፍ ፍላንደርስ ነበሩ። ዲሴምበር 2 ቀን 1954 ሴኔቱ ማካርቲን 67 ለ22 ሲወቅስ ሪፐብሊካኖቹ እኩል ለእኩል ተከፈሉ፤ 22 ደገፉ፣ 22 ተቃወሙ። ፓርቲው በሙሉ ከማካርቲ ጀርባ ተሰልፎ ቢሆን ኖሮ ወቀሳው የጠላት በቀል ተብሎ ይቀር ነበር።

ሦስተኛው ምሳሌ አፍሪካን ይመለከታል። በ1986 ኮንግረስ በደቡብ አፍሪካ የአፓርታይድ መንግሥት ላይ ማዕቀብ የሚጥል ሕግ አወጣ፤ አዲስ መዋዕለ ንዋይ፣ የድንጋይ ከሰል፣ የዩራኒየምና የብረት ግዢ የሚከለክል። ፕሬዚዳንት ሬጋን ሻሩት። ሴኔቱ ያኔ በሪፐብሊካኖች እጅ ነው፤ 53 ለ47። ሽረቱን ለመሻር ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ስለሚያስፈልግ፣ ሪፐብሊካኖች እጅግ በሚወዱት የራሳቸው ፕሬዚዳንት ላይ መነሳት ነበረባቸው። ሥራውን የመሩት የውጭ ግንኙነት ኮሚቴው ሊቀ መንበር፣ የኢንዲያናው ሪቻርድ ሉጋር ናቸው። አጠገባቸው የአፍሪካ ጉዳዮች ንዑስ ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ የካንሳሷ ናንሲ ካሰባም ነበሩ። ካሰባም በ1936 ከሩዝቬልት ጋር ተወዳድረው ሁለት ግዛት ብቻ ያገኙት የአልፍ ላንደን ልጅ ናቸው፤ የሪፐብሊካንነት ዘራቸውን ማንም ሊጠይቅ አይችልም። ኦክቶበር 2 ቀን ሽረቱ 78 ለ21 ተሻረ። ከደጋፊዎቹ 31 ሪፐብሊካኖች ነበሩ፤ የተቃወሙት 21ም ሁሉ ሪፐብሊካኖች ናቸው። ፕሪቶሪያ ያሉት ገዥዎች በዋሽንግተን የወግ አጥባቂዎች መንግሥት እስካለ ድረስ ከለላ አለን ብለው ቆይተዋል። ያንን ከለላ የገፈፏቸው ወግ አጥባቂዎች ሆኑ።

ለኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ይበልጥ የሚቀርብ ሌላም አለ። ዲቪ ሎተሪ የተወለደው ዴሞክራቱ ቴድ ኬኔዲና የዋዮሚንጉ ሪፐብሊካን አለን ሲምፕሰን አብረው ከገፉት፣ ሪፐብሊካኑ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ኤች ዳብሊው ቡሽ በኖቬምበር 1990 ከፈረሙት የኢሚግሬሽን ሕግ ነው። በአዲስ አበባም ሆነ በጎንደር ዲቪ ሞልቶ ዕጣ የወጣለት ሰው ዕድሉ የተሠራው በዚያ የሁለት ጎራ ሰዎች ድርድር ነው።

ታዲያ እነዚህ ሰዎች የት ሄዱ? መልሱ በአመዛኙ የሚገኘው ፓርቲዎች እጩዎቻቸውን በሚመርጡበት ቅድመ ምርጫ ውስጥ ነው። ወደዚያ የሚሄደው መራጭ ጥቂትና ትኩስ ነው። በ2010 በደላዌር የቀድሞው አገረ ገዥ ማይክ ካስል ለሴኔት ቀረቡ። በግዛቱ ለረጅም ዘመን የተከበሩ ለዘብተኛ ስለነበሩ በኖቬምበሩ ምርጫ እንደሚያሸንፉ በሰፊው ይታመን ነበር። በሴፕቴምበሩ የፓርቲው ቅድመ ምርጫ 60,000 የማይሞሉ ሰዎች ድምፅ ሰጥተው ክሪስቲን ኦዶኔልን መረጡባቸው። በኖቬምበር ከ300,000 በላይ ሰው ሲወጣ ኦዶኔል በሰፊ ልዩነት ተሸነፉ። መቀመጫው እስከ ዛሬ የዴሞክራቶች ነው። በ2012 የሉጋር ተራ ደረሰ። ከዴሞክራቱ ሳም ነን ጋር በመሠረቱት ፕሮግራም ከ7,500 በላይ የቀድሞ ሶቭየት ኅብረት የኑክሌር አረሮች እንዲመክኑ ያደረጉት፣ 36 ዓመት ያገለገሉት ሰው በገዛ ፓርቲያቸው ቅድመ ምርጫ 39 ከመቶ አግኝተው ወደቁ። ዋናው ክስ ከዴሞክራቶች ጋር ይሠራሉ የሚል ነበር። የተካቸው ሪቻርድ ሙርዶክ በኖቬምበር ተሸነፉ፤ በዚያው ቀን፣ በዚያው ግዛት የሪፐብሊካኑ የፕሬዚዳንት እጩ ሚት ሮምኒ አሸንፈዋል። ለዘብተኛውን አባሮ ወንበሩን ለባላጋራ ማስረከብ ለየትኛውም ፓርቲ ኪሳራ ነው።

አላስካ ላይ አንድ ለየት ያለ ነገር ተፈጽሟል። ካስል በወደቁበት በ2010 የግዛቱ ሴናተር ሊሳ መርካውስኪም በቅድመ ምርጫው በጆ ሚለር ተሸንፈው ስማቸው ከድምፅ መስጫ ወረቀቱ ተሰረዘ። እርሳቸው ግን አልተቀመጡም፤ ደጋፊዎቻቸው ስማቸውን በእጃቸው እየጻፉ እንዲመርጧቸው ጠየቁ። ስሙ ለመጻፍ አስቸጋሪ ስለሆነ ፊደሉ የተጻፈበት የእጅ አምባር ታደለ። ከምርጫው በኋላ ጁኖ ከተማ ውስጥ ቆጣሪዎች ሳምንት በፈጀ ሥራ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እየገለጡ አነበቡ፤ የሚለር ሰዎችም አጠገባቸው ቆመው ፊደል የተሳሳተበትን ሁሉ ይቃወሙ ነበር። ከ100,000 በላይ ሰው ስማቸውን ጽፎ ተገኘ። ሴናተሯ ሪፐብሊካን ሆነው ወደ ዋሽንግተን ተመለሱ። ጁላይ 28 ቀን 2017 ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ የኦባማን የጤና መድን ሕግ የሚያፈርሰው የፓርቲያቸው ረቂቅ ድምፅ ሲሰጥበት፣ ከሪፐብሊካን ባልደረቦቻቸው ከሱዛን ኮሊንስና ከጆን ማኬይን ጋር ሆነው «አይሆንም» አሉ፤ ረቂቁ 51 ለ49 ወደቀ።